ወደ ውሃው የሚወስደው መንገድ

ቢሾፍቱ ስንት ጊዜ ሄዳችኋል? በአዲስ አበባ፣ በተለይም እንደ እኛ በምሥራቁ በኩል ጎሮ፣ ሰሚት፣ ሲኤምሲ ወይም አያት የምትኖሩ ከሆነ “ቆጥሬው አላውቅም” የምትሉ ይመስለኛል። ልደት ሲሆን ቢሾፍቱ፣ የጋብቻ በዓል ሲሆን ቢሾፍቱ፣ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ሲሆን ቢሾፍቱ፣ ልጆች “ዋና! ዋና!” እያሉ ሲያስቸግሩም ቢሾፍቱ። እንግዲህ ሁለተኛ ጥያቄ ልጨምር፤ በዚያ ሁሉ ምልልስ የሐይቁን ውሃ በእጃችሁ የነካችሁት መቼ ነው?

የመዋኛ ገንዳውን አላልኩም። ሐይቁን።

ይህንኑ ጥያቄ በመሥሪያ ቤቴ ምሳ ሰዓት ላይ አንስቼው ነበር። ጠረጴዛው ዙሪያ ሰባት ነበርን። ሁሉም ቢሾፍቱን እንደ ጓሮው ያውቃል። የትኛው ሪዞርት ቡፌው እንደሚሻል፣ የትኛው ለልጆች እንደሚመች፣ የትኛው በበዓል ሰሞን ዋጋ እንደሚቆልል ሁሉም የሚለው አለው። ውሃውን የነካው ግን አንድ ብቻ ተገኘ፤ እሱም ጀልባ ተከራይቶ ሲሄድ እጁን ዝቅ አድርጎ ነው። ሌሎቻችን ሐይቁን የምናውቀው ከላይ ነው፤ ከበረንዳ፣ ከማኪያቶ ስኒ ጀርባ፣ ከስልክ ካሜራ ውስጥ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ “እይታ” እንዴት እንደሚሸጥ አውቃለሁ። “ሌክ ቪው” የሚለው ቃል ብቻውን ዋጋ አለው። አልጋው ያው ነው፣ አንሶላው ያው ነው፣ ቁርሱም ያው ነው፤ መስኮቱ ወደ ሐይቁ ሲዞር ግን የክፍሉ ዋጋ ይጨምራል። በዚህ ቅር የምሰኝ ሰው አይደለሁም። ባለሀብቱ ገንዘቡን አውጥቶ ሠርቷል፣ ለከተማዋ ልጆች ሥራ ፈጥሯል፣ እኛም ሄደን ተዝናንተን ተመልሰናል። ይሁን እንጂ በመስኮት የማይገኝ አንድ ነገር አለ፤ በውሃ ዳር በእግር መሄድ። እኔም ይህን ነገር ከቁም ነገር መቁጠር የጀመርኩት በእናቴ ምክንያት ነው።

እናቴ የደብረ ዘይት ልጅ ናት። እኔ “ቢሾፍቱ” እላለሁ፤ እሷ እስከ ዛሬ “ደብረ ዘይት” ትላለች፤ የስድስት ዓመቷ ልጄ ደግሞ “ዋና ያለበት” ትለዋለች። አያቴ የአየር ኃይል መካኒክ ነበሩ። እናቴ ያደገችው የአውሮፕላን ድምፅና የጋሪ ፈረስ ኮቴ በሚሰማበት ሰፈር ነው። ታዲያ እሷ “ሐይቅ” ስትል እኔ የማስበውን ሐይቅ ማለቷ አይደለም። ለእሷ ሐይቅ ማለት ቅዳሜ ጠዋት የልብስ ጥቅል ተሸክመው የሚወርዱበት ቁልቁለት ነው። ልብሱ ታጥቦ ቁጥቋጦው ላይ ተሰጥቶ እስኪደርቅ ድረስ ልጃገረዶቹ ዳር ዳሩን ይዞሩ ነበር። ዘፈን የሚለማመዱት እዚያ ነው፣ የሚጣሉትም የሚታረቁትም እዚያ ነው። “ስንት ሰዓት ትቆዩ ነበር?” ስላት “ልብሱ እስኪደርቅ ነዋ!” ትለኛለች፣ ሰዓት ምን አመጣው በሚል ፊት።

ባለፈው ዓመት ስኳሯ ከፍ ማለቱ ታወቀ። ሐኪሟ መድኃኒቱን ከጻፈላት በኋላ “እማማ፣ መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም፤ በእግርዎ ይሂዱ” አላት። ይህ ምክር ለእሷ ብቻ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ማንኛውም አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ልብ የሚያሞቅ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። በቀን ሲካፈል ሃያ ደቂቃ ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ቀላል ይመስላል። ግን የት ነው የሚኬደው?

ልክ ነው፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ከቦሌ እስከ መገናኛ ያለው የእግረኛ መንገድ ሰፍቷል፤ አመሻሽ ላይ ቤተሰብ ተያይዞ ሲንሸራሸር ማየት ከእኛ ከተማ የማልጠብቀው ደስታ ነው። እናቴንም ወስጃት ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል ከሄደች በኋላ “ጥሩ ነው፤ ግን ከመኪናው ጋር የምሽቀዳደም መሰለኝ” አለችና ቆመች። ቀጥላም “ደብረ ዘይት ብንሄድ እኮ ሐይቁን እዞረው ነበር” አለች። “እዞረው ነበር” ያለችበት ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ በወር አንዴ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እሷን፣ ልጄንና ባለቤቴን ይዤ እወርዳለሁ። ሪዞርት ሳንይዝ።

ከእኛ ሰፈር መንገዱ ምቹ ነው። ከጎሮ ቱሉ ዲምቱ፣ ከቱሉ ዲምቱ በ2007 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የአዲስ አበባ አዳማ የክፍያ መንገድ ላይ መውጣት ነው። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለምትርቅ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት የወጣ ሰው ፀሐይ ሳይጠነክር ይደርሳል። በግራ የየረር ተራራ ይሸኛችኋል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ከሆነ ከፊት በቀኝ በኩል ዝቋላ ብቅ ይላል። እናቴ ዝቋላን ባየች ቁጥር ትሳለማለች፤ ልጄም ምን እንደሆነ ሳይገባት ተከትላት ታማትባለች።

የቢሾፍቱን ሐይቆች ከሌሎቹ ሐይቆቻችን የሚለያቸውን ነገር ልጄ በጥያቄ ብዛት ስላስጠናችኝ ላካፍላችሁ። ቢሾፍቱ፣ ሆራና ባቦጋያ የእሳተ ገሞራ ልጆች ናቸው። ከምድር ሆድ የወጣ የቀለጠ ድንጋይ ከመሬት ውስጥ ውሃ ጋር ሲገናኝ ውሃው በቅጽበት ተንኖ ይፈነዳል፤ መሬቱን ሰርጉዶት ይሄዳል፤ በጉድጓዱ ውስጥም ውሃ ይጠራቀማል። ቅርጻቸው እንደ ድስት ክብ፣ አፋቸው ከፍ ያለ፣ ጎናቸው ቀጥ ያለ የሆነው ለዚህ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት 87 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ከሃያ አምስት ፎቅ በላይ ያለው ሕንፃ ቢቆምበት ይዋጣል ማለት ነው። ባቦጋያ ወደ 65 ሜትር፣ ሆራም 38 ሜትር ገደማ ይጠልቃሉ። ስለዚህ ልጅ ይዛችሁ ከወረዳችሁ እጇን አትልቀቁ። እንደ ላንጋኖ ቀስ እያለ የሚጠልቅ ዳርቻ የለም፤ ሁለት እርምጃ ገባ ብሎ መሬቱ ሊያልቅ ይችላል።

ይህ የጎኑ ቀጥ ማለት ሌላም ጣጣ አለው። ከአፋፉ ወደ ውሃው የሚያስወርደው ቦታ ጥቂት ነው። ያ ጥቂት ቦታ በአጥር ከተያዘ ሐይቁ በሙሉ ተያዘ ማለት ነው፤ ውሃውን ማጠር ሳያስፈልግ።

የመጀመሪያው ቀን ላይ እናቴ በልጅነቷ የምታውቀውን ቁልቁለት ፍለጋ ገባን። “እዚህ ጋ ትልቅ ግራር ነበር፤ ከግራሩ ወደ ግራ ነው” አለች። ግራሩ የለም። በቦታው የብረት በር፣ ከበሩ ጎን የጥበቃ ቤት አለ። ጥበቃው ወጣት ነው፤ ሰላምታው ትሕትና የተሞላበት።

“እማማ፣ የማን እንግዳ ናችሁ?”

“የማንም። ወደ ሐይቁ ነን።”

“ሐይቅ በዚህ የለም።”

ሐይቁ ከጀርባው፣ በበሩ ፍርግርግ መሐል፣ ፀሐይ አርፎበት ያብለጨልጫል። ባለቤቴ ሳቁን መያዝ አቅቶት ፊቱን አዞረ። እናቴ ግን አልሳቀችም። “ልጄ፣ እኔ እዚህ ልብስ አጥቤ ነው ያደግሁት” አለችው። ልጁ አፈረ። “እማማ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው” አለና ዝቅ ባለ ድምፅ “ከቆርቆሮ አጥሩ ጀርባ ዙሩ፤ የሰፈር ሰው በዚያ ነው የሚወርደው” ብሎ ጠቆመን።

የጠቆመን መንገድ መንገድ ከተባለ ነው። በሁለት ግቢዎች አጥር መካከል ያለ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስኬድ ቀጭን መሹለኪያ። በአንደኛው አጥር ላይ ቡገንቪል ወድቆበታል፤ በሌላኛው ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሏል። ታች ሲወርዱ መሬቱ በጎርፍ ተቦርቡሯል፤ እናቴን ባለቤቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን አወረድናት። ልጄ ግን እንደ ፍየል ዘላ ከሁላችንም ቀድማ ደረሰች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለመጻፍ ያስቸግረኛል፤ ምንም ስላልሆነ። ውሃው ድንጋዩን ቸብ ቸብ ያደርጋል። ሁለት ልጆች በእንጨት ላይ በታሰረ ሲባጎ ቆሮሶ ያጠምዳሉ። አንዲት ሴት ምንጣፍ ታጥባለች። ጥቁር ወፍ ክንፏን ዘርግታ ድንጋይ ላይ ትደርቃለች። ልጄ እጇን ውሃው ውስጥ ከታ “ይሞቃል!” አለች፤ ወዲያው ደግሞ “ይበርዳል!” እናቴ ጫማዋን አወለቀች። ከዚያም ዳር ዳሩን፣ እግር በሚያስኬደው በኩል፣ ቀስ እያለች መሄድ ጀመረች። አንድ አጥር እስከ ውሃው ድረስ ወርዶ እስኪያቆማት ድረስ አርባ ደቂቃ ሄደች። ቦሌ ላይ ግማሽ ሰዓት ያቃታት ሴት አርባ ደቂቃ። አልቆጠረችውም፤ እኔ ነኝ የቆጠርኩት።

ከዓሣ አጥማጆቹ ልጆች አንዱ “በብርድ ወራት ዓሣው ሞቶ ይንሳፈፋል” ሲለኝ ማጋነን መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳነብ እውነት ሆኖ አገኘሁት። ጥልቅ በሆኑት በእነዚህ ሐይቆች ታችኛው ውሃ ኦክስጅን የለውም፤ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝና ነፋስ ሲበረታ የላዩና የታችኛው ውሃ ይደባለቃል፣ ዓሣውም ይታፈናል። ይህን የመሰለ ነገር ከበረንዳ ላይ የሚነግራችሁ የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ራቅ ብዬ እህቴ ወደምትኖርበት ስኮትላንድ ልውሰዳችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት በሐምሌ ወር ኤደንብራ ድረስ ሄጄ ነበር። አንድ ቅዳሜ “ክሬል ልውሰድሽ” አለችኝ። ከኤደንብራ በባስ ከሁለት ሰዓት በላይ ተጉዛችሁ የምትደርሱባት፣ በፋይፍ ግዛት ጫፍ ላይ ያለች፣ ከሁለት ሺህ ያነሰ ሰው የሚኖርባት የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ጣሪያቸው ቀይ ሸክላ የሆነ የድንጋይ ቤቶች ወደ አንዲት ትንሽ ወደብ ይወርዳሉ፤ ወደቡ ላይ የሸርጣን ማጥመጃ ሣጥኖች ተደርድረዋል። ከዚያ ተነስተን በባሕሩ ዳር አንስትራዘር ወደምትባለው ቀጣይ ከተማ በእግራችን ሄድን፤ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በግራ ባሕር፣ በቀኝ ማሳ፣ መሐል ላይ ባሕሩ የቦረቦራቸው የድንጋይ ዋሻዎች አሉ። ይህ ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቀው የፋይፍ የባሕር ዳርቻ መንገድ አንድ ቁራጭ ብቻ ነው።

ውበቱን አላጋንንም። ሐምሌ ላይ ጃኬት ለብሼ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር፤ ባሕሩ ግራጫ ነው፤ አንስትራዘር ስንደርስ የበላነው በሊጥ የተጠበሰ ዓሣም ያለ ሚጥሚጣ ምን ያደርጋል! የገረመኝ ሌላ ነው። መንገዱ በሰው ማሳ ዳር ያልፋል። በሰው ቤት ጀርባ ያልፋል። በሌላ ቦታ በጎልፍ ሜዳ ጠርዝ ሳይቀር ያልፋል። የማሳ አጥር ጋ ስትደርሱ ትንሽ የእንጨት በር አለች፤ ከፍታችሁ ትገባላችሁ፣ ከብት እንዳይወጣ መልሳችሁ ትዘጋላችሁ። ጥበቃ የለም። የመጀመሪያዋ በር ጋ ቆሜ እህቴን “ስንት ነው የሚከፈለው?” ብላት ሳቀችብኝ።

ነገሩ ሕግ ነው። የስኮትላንድ ፓርላማ በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመሬት ሕግ ለማንኛውም ሰው በአብዛኛው መሬትና በውስጥ ውሃዎች ላይ የመተላለፍ መብት ሰጥቷል፤ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን። ግዴታም አለበት። የሰው መኖሪያ ግቢ አይገባም፣ ሰብል አይረገጥም፣ ውሻ በቁጥጥር ሥር ይሆናል፣ ቆሻሻ አይጣልም። ልብ በሉ፣ እዚያ አገር አብዛኛው የገጠር መሬት በጥቂት ባለርስቶች እጅ ነው። መሬቱ የግል ሆኖ መንገዱ የሁሉም ነው።

የእኛን ስታስቡት ተገልብጦ ታገኙታላችሁ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው ይላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ደግሞ የአገሪቱ የውሃ ሀብት በሙሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ያውጃል። እናቴ እግሯን የነከረችበት ውሃ በሕግ የእሷ ነው። ወደ ውሃው የወረደችበት ግን ሁለት አጥር ሲታጠር ተርፎ የቀረ መሹለኪያ ነው።

“እኛ አገር አይሆንም” የሚል ካለ ሐዋሳን ይጠይቅ። ፍቅር ሐይቅ የሚባለው ዳርቻ ላይ አመሻሽቶ ያልተንሸራሸረ የሐዋሳ ሰው ካለ አላውቅም። ጥንዶች፣ ተማሪዎች፣ አዛውንቶች፣ ጋሪ የሚገፉ እናቶች፣ ሁሉም እዚያ ነው። በዙሪያው ያሉት ካፌዎችና ዓሣ ቤቶችም ሰው አጥተው አያውቁም። የማርኬቲንግ ሰው ሆኜ የምናገረውም ይህንኑ ነው፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ይጠማዋል፣ ይርበዋል፣ ይቀመጣል፣ ይከፍላል። የክሬል ሻይ ቤቶች ደንበኛ የሚያገኙት በዚያው መንገድ ነው። የቢሾፍቱ ሪዞርት ባለቤት ብሆን ከግቢዬ ግርጌ በውሃው ዳር ሁለት ሜትር መንገድ ትቼ፣ መንገዱ ላይ ደግሞ ትንሽ የቡና ቤት እከፍት ነበር። አጥሩን ትንሽ ከፍ አድርጎ ወደ ውስጥ መሳብ እንጂ ማፍረስ አያስፈልግም። የእንግዶቼ ሰላም ይጠበቃል፣ የሰፈሩም ሰው ያልፋል፤ እኔም ማስታወቂያ ሳላወጣ ደንበኛ አገኛለሁ።

ለመሄድ ለምታስቡ የማውቀውን ልንገራችሁ። ከልጅና ከአዛውንት ጋር ከሆናችሁ ከሆራ ጀምሩ። የከተማው ሰው ለዘመናት የሚወርድበት ዳርቻ ስለሆነ አወራረዱ ከሌሎቹ ይቀላል። ይህ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ እጅግ ብዙ ሕዝብ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ኢሬቻን የሚያከብርበት የሆራ አርሰዲ ሐይቅ ነው። በዚያ ሰሞን መንገዱ ስለሚጨናነቅ ለበዓሉ ካልሆነ ለሽርሽር አትምረጡት። በሌላው ቅዳሜ ግን ጠዋት ላይ ፀጥ ያለ ነው፤ ዛፎቹ መሐል ያለው ጥላ ለእናቴ ዓይነት ሰው ይስማማል። የሐይቁ ዳር የተቀደሰ ቦታ መሆኑን አትርሱ፤ የሚጸልይ ሰው ካያችሁ ፎቶ አታንሱ።

ባቦጋያ ከሆራ ብዙ አይርቅም። አጥሩ የበዛው እዚያ ነው፤ ከላይ በአፋፉ በኩል ባለው የሰፈር መንገድ ላይ ግን መሄድ ይቻላል፤ በአጥሮቹ ክፍተት ሐይቁ ብልጭ እያለ ይጠፋል። ልጄ ይህን ጨዋታ አድርጋዋለች፤ ሐይቁ በታየ ቁጥር “አየሁህ!” እያለች ትጮኻለች። ሲደክማችሁ ባጃጅ ሞልቷል። ጫማችሁ ጠፍጣፋና የማያንሸራትት ይሁን፤ ውሃና ኮፍያ ያዙ፤ ከቀኑ አምስት ሰዓት በፊት ጨርሱ።

ጨለለቃን ደግሞ አትለፉት። ከሌሎቹ ሐይቆች በተለየ ጨለለቃ ጥልቀት የለውም፤ ክረምት ይሞላል፣ በጋ ሲገፋ ይሸሻል፣ አንዳንዴም ደርቆ ግጦሽ ይሆናል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ግን የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ባለ ረጅም እግር ወፎች ይሰፍሩበታል፤ ፍላሚንጎም አልፎ አልፎ ይታያል። ዳርቻውም ክፍት ነው። ከብቶች ይገቡበታል፣ እረኞች ይቀመጡበታል፣ እኛም ሳንጠየቅ ሄድንበት። ምክንያቱን ስገምት ሳቄ ይመጣል፤ ዓመቱን ሙሉ አብሮ የማይቆይ ሐይቅን ማን “ሌክ ቪው” ብሎ ይሸጠዋል?

ቢሾፍቱ እያደገች ነው፤ ገና ትልቅ ትሆናለች። በአቅራቢያዋ የሚሠራው አዲሱ የአየር መንገዳችን ማረፊያ ሲጠናቀቅ በዓመት 100 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ መንገደኞችን እንዲያስተናግድ ታቅዷል። ያ ሁሉ ሰው የሚያርፍበት ሆቴል ይፈልጋል፤ ሆቴሉም ሐይቅ የሚያይ መስኮት ይፈልጋል። ለዚህ ነው ጉዳዩ ለእኔ የትዝታ ብቻ ያልሆነብኝ። ዛሬ ክፍት ያለው መሹለኪያ የሚቀጥለው ዓመት ላይ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል፤ በየትኛውም ካርታ ላይ “መንገድ” ተብሎ ካልተመዘገበ ደግሞ ሲጠፋ የሚያስታውሰው እንደ እናቴ ያለ ሰው ብቻ ነው። እናንተም ከልጆቻችሁ ጋር የምትወርዱበትን ሰርጥ ስታገኙ፣ ከሰፈሩ ሰው ጋር ሰላም በሉ፣ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ጠይቁ፣ ተመላለሱበት። የሚኬድበት መንገድ በቀላሉ አይዘጋም፤ ቢያንስ የሚዘጋው ሰው ይጠየቃል።

የእናቴ ስኳር እንዴት ሆነ ለምትሉ፣ ወርዷል። መድኃኒቱ ነው ወይስ እግሩ ብዬ ሐኪሟን ብጠይቀው “ሁለቱንም እንዳታቆሙ” አለኝ። እሷ ግን ለጎረቤቶቿ የምታወራው ስለ ሐይቁ ብቻ ነው። አሁን ሁለት ጎረቤቶቿ “እኛንስ መቼ ነው የምትወስጂን?” እያሉኝ ስለሆነ፣ የመኪናው ወንበር ጉዳይ አሳስቦኛል።

ባለፈው ወር ስንሄድ መሹለኪያው አፍ ላይ የግንብ ድንጋይ ተራግፎ አገኘን። አንድ ግንበኛ ክር ወጥሮ መሠረት ይለካል።

“አይዞህ፣ በርታ። ምን ልትሠሩ ነው?” አለችው እናቴ።

“አጥር ነው፣ እናቴ።”

“በር አለው?”

“ይኖረዋል ብለዋል።”

“ለማን?”

ግንበኛው ክሩን እንደያዘ ትንሽ አሰበ። “እሱን እንኳ አልነገሩኝም” አለ። ከዚያ ክሩን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ በእግሩ ረገጠላት። እናቴ ልጄን በእጇ ይዛ ተሻገረችና ቁልቁለቱን መውረድ ጀመረች።